የአከርካሪ አጥንቴን ለዳኘው ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ በኃይሉ፣ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ጉልበትዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመምህራን ክፍል የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሦስቱ ማመልከቻዎቼ ቢሮዎ ገብተው ስለቀሩ እንጂ ክብርዎን ለመንካት አይደለም።

እኔ ብርነሽ ወዳጆ በዚህ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ጠዋት ስነቃ ወገቤ አልታጠፍ ይላል። ከአልጋ የምወርደው በጎኔ ተገልብጬ ነው፤ የጫማዬን ክር የሚያስርልኝ ባለቤቴ ባምላኩ ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል፤ እስከዚያው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠኛል። አንዱ ኩላሊት ነው አለኝ፤ ሌላው የመንዝ ብርድ ነው አለኝ፤ ወጌሻም አሸኝ። ባለፈው ኅዳር ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ ሕመሜ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ብግነት መሆኑን፣ ችላ ከተባለ አጥንቶቹን እርስ በርስ እንደሚያጣብቅ፣ ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒትና በእንቅስቃሴ እንደሚገታ አስረዳኝ። ስወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ሌላው ሕመም ሲያርፉ ይሻላል፤ ያንቺ ሲያርፉ ይብሳል። ብዙ እንዳትቀመጪ።» ስመለስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ከፍቶኝ አልነበረም፤ ሰነፍ አለመሆኔን የሚያምን ሰው በማግኘቴ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. መምህር አባይነህ የጠዋት ክፍለ ጊዜዬን በራሱ የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ሊለውጥልኝ ፈቅዶ ሳለ፣ ኮሚቴው የሐኪሙን ወረቀት አንብቦ «እንቅስቃሴ የታዘዘለት ሰው በሽተኛ ሊባል አይችልም» ሲል ለውጡን ከልክሎ በቃለ ጉባኤ ስላሰፈረ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሕክምና ትምህርት እስካሁን እዚህ አልደረሰም ነበር።

2ኛ. ጠዋት ግድግዳ ይዤ ስገባ፣ ከሰዓት ደግሞ በገበያው መንገድ ስራመድ በመታየቴ «በማስመሰል» የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. «ካመመሽ ተቀመጪ» ብለው ከክፍል አንሥተው መዝገብ ቤት ስላስገቡኝ፣ ሐኪሙ ከከለከለኝ ሁሉ መቀመጥን መርጠው በቀን ስምንት ሰዓት ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቼ በመደርደሪያዎቹ መካከል ስመላለስም «ሥራ ጥላ ትዞራለች» ተብሎ ሪፖርት ተጻፈብኝ።

ከዚህ ወዲያ ለመቁጠር ደክሞኛል። ያለፈው ሐሙስ አንገቴን ወደ ግራ ማዞር አቃተኝ፤ ፋይል የምታቀብለኝን ተላላኪ ለማየት መላ ሰውነቴን አዞርኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ያንን ሪፖርት በእርስዎ ትእዛዝ የጻፉት፣ ይህን አዩ። ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉና «ልጄ፣ ተነሺና ተራመጂ፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ አላየሁም» አሉኝ። ብዕራቸውን አስቀምጠው አብረውኝ ተራመዱ። ከአምስት የኮሚቴ አባላት ያጣሁትን ሕክምና ከአንዲት ሴት አገኘሁ።

ስለዚህ ፈቃድዎን መጠበቅ አቁሜያለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መምህር አባይነህ የአሥራ አንደኛ ክፍል ክፍለ ጊዜውን ሰጥቶኛል፤ ገብቼ በዴስኮቹ መካከል እየተመላለስኩ ስለ ስምጥ ሸለቆ አስተምራለሁ። ባምላኩም እኔም ሥራዬን ላጣ እንደምችል ተነጋግረንበታል፤ አጥንቴ ተጣብቆ ከማየት ሥራ ማጣቱን መርጠናል። ቅጣቱን ክፍል ድረስ ይላኩልኝ፤ ቆሜ እቀበላለሁ።

ጎንበስ ብዬ እጅ የማልነሣዎ ከንቀት ሳይሆን አጥንቴ ስላልፈቀደ መሆኑን እንዲረዱልኝ እየለመንኩ፣ ቀጥ እንዳልኩ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ብርነሽ ወዳጆ
የጂኦግራፊ መምህርት

ጨምሬ፦ ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ከአንድ ወንበር አለመነሣት የጤነኛውንም ወገብ እንደሚጎዳ ነግሮኛል። እርስዎ በሰብሳቢነቱ ወንበር ላይ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ዓመትዎ ነውና፣ ስለ ጤናዎ ከልብ እሰጋለሁ።