ደሙ አልረጋ ያለው አማቴ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ
በረዶ ጠረግኩ። ምሳ ሠራሁ። ኦርቪል ሾርባውን ቀምሶ ገፋው። "ይሄ የእጅ ውሃ ነው?" የባሌ አባት ባይሆን አናቱ ላይ እደፋው ነበር። ባሌ ክሌተን ማዕድን ማውጫው ላይ ነው። በወር አንዴ ብቅ ይላል፣ አባቱን ለእኔ ጥሎ። ስድስት ዓመት...
ከራት በኋላ የደም ማቅጠኛውን ሰጠሁት። የልቡ ምት ስለሚዛባ ደሙ እንዳይረጋ ነው። ካልዋጠ ስትሮክ፣ ከበዛበት መድማት። "መርዝሽን አምጪ" ይላል ሁልጊዜ። ይውጠዋል ግን።

የካቲት 7፣ ዓርብ
የባሌ እህት ማክሲን መጣች። ሽቶዋ ቀድሟት ገባ። አባቷን ጥርሱን ስላመመው ከተማ ወስዳ አሳከመችው። ሲመለሱ ምን አሏችሁ ብዬ ጠየቅኩ።
"ጥርሱ የአባቴ እንጂ ያንቺ አይደለም።"
ሽማግሌው ሳቀ። ይሳቅ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ
ክንዱ እስከ ክርኑ በልዟል። ድዱ ደምቶ ትራሱን አበላሽቶታል።
"ማን መታዎት?" አልኩት፣ ልቀልድ።
"አንቺ፣ በዓይንሽ።"
ደምዎን እንመርመር ብል እምቢ አለ። ማክሲን ጋ ደወልኩ። "ሽማግሌ ይበልዛል፣ ምን አዲስ ነገር አለው?" ብላ ዘጋችብኝ።
እኔስ ምን አስጨነቀኝ? ለሱ?

የካቲት 13
ጠዋት በረንዳው ላይ በረዶ አዳለጠው። ግንባሩን ከደረጃው ጋር አጋጨው። ተነስቶ ደረጃውንም፣ በረዶውንም፣ እኔንም ሰደበ። ደህና ነው ብዬ ተውኩት። ከምሳ በኋላ ራሴን አለ። ቆይቶ ስሜን፣ "ዶሪን" ማለት አቃተው፣ በሟች ሚስቱ ስም ጠራኝ። ስድብ እንኳ አልመጣለትም። ያኔ ነው የፈራሁት። አምቡላንስ ጠራሁ።

የካቲት 14
ሳስካቱን ከተማ፣ ሆስፒታል። ጭንቅላቱ ውስጥ እየደማ ነበር። ደሙ በጭራሽ አይረጋም አለች ሐኪሟ። ቫይታሚን ኬ በደም ስሩ ሰጡት፣ በቀስታ። ማቅጠኛው የሚያግደው የዚህን ቫይታሚን ሥራ ነው አለች። አሁን ሲሰጠው ጉበቱ ደም የሚያረጋውን ነገር እንደገና መሥራት ይጀምራል፣ ግን ሰዓታት ይወስዳል። እስከዚያ የሚያቆየው ሌላ መድኃኒትም ጨመሩለት። ሰዓታት... ይደርስለታል?
ማክሲን ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ሰው ፊት።
"ስንት ክኒን አጎረስሽው? ቤቱን ፈልገሽ ነው አይደል!"
እጄ ተነሳ። ለጥፊ ነበር መሰለኝ። ሐኪሟ መሃላችን ገባች።
"ሰሞኑን የጀመረው ሌላ መድኃኒት አለ?"
እኔ የማውቀው የለም። ማክሲን ወለሉን አየች። "ለጥርሱ... አንቲባዮቲክ።"
"የደም ማቅጠኛ እንደሚወስድ ነግረዋቸው ነበር?"
"አልጠየቁኝም።"
አንቲባዮቲኩ ነው ማቅጠኛውን ያበረታው አለች ሐኪሟ። ማክሲን ይቅርታ እንድትለኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ቦርሳዋን አንስታ ሽንት ቤት ገባች።

የካቲት 15
ደሙ መርጋት ጀመረ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው አልጨመረም። ዓይኑን ገለጠ። "አንቺ ነሽ? ገነት አለመግባቴን አወቅኩ።" ስስቅ እንባዬ መጣ። በራሴ ተናደድኩ።
ክሌተን ደወለ። "እህቴን ሰው ፊት ለምን አዋረድሻት?" ስለ አባቱ ሳይጠይቅ! ዘጋሁበት።

የካቲት 24፣ ሰኞ
ነገ ይወጣል። ማክሲን ማር ሆናለች። "መቼም እንደ ዶሪን የሚይዝህ የለም፣ አባዬ..."
"ከዚችው ጋር ነው የምሄደው" አለ ሽማግሌው። "ጠላት ቢያንስ ዓይኑን ከሰው ላይ አይነቅልም።"
ሁለቱም እኔን አዩ።
"እኔ አልመለስም" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። "ሞትዎን አልፈልግም። አብሬዎት መኖርም አልፈልግም።"
ማክሲንን ጥግ ወስጄ መቼ ደሙ እንደሚመረመር፣ ማንኛውም ሐኪም ጋ ሲሄድ ምን መናገር እንዳለባት ነገርኳት። መልሳ እንድትነግረኝ አደረግኩ። ነገረችኝ፣ ጥርሷን ነክሳ።

መጋቢት 9
ከዳቦ ቤቱ በላይ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሥራውም እዚያው ታች ነው። ክሌተን መጥቶ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ "ጨካኝ ነሽ" አለኝና ሄደ። እሱ ነው እንዲህ የሚለኝ?
ሽማግሌውን አሁን የያዘችው ማክሲን ናት። ጠዋት ጠዋት እሱ ጋ እደውላለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ዛሬም ደወልኩ።
"የደማ ነገር አለ?"
"አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ አልደማም!"
ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሽርጤን አስሬ ወደ ዳቦው ወረድኩ።