የውዴ ሸክላና የአበልጄ በሬ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

ወፍጮ ቤት። ተራ ስጠብቅ ከኋላዬ አንዲት ሴት ስለ እኔ ለጓደኛዋ «ይሄ የገበሬ ማኅበሩ ዳኛ ለሰው ፊት አያዳላም» አለቻት። አመንኋት፤ ወፍጮ ቤት ድረስ መጥቶ የሚዋሽ የለም። ወዲያው ባለ ወፍጮው አየኝና እህሌን ከሁሉ አስቀደመልኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ከሰዓት፦ ሸክላ ሠሪዋ ውዴ ከሰሰች። ልታቃጥለው ያሰጣችውን ሸክላ የገበሬው የሞላ በሬ ረጋግጦታል። እንስራው፣ ድስቱ፣ ጀበናው፤ አንድም አልተረፈ። ክረምት ከገባ ጭቃ አይደርቅም፤ ሜዳውም ውኃ ይተኛበታል፣ ወረታ ገበያ አይወጣም። ሌላ የክረምት ቀለብ የላትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6፣ ጧት

ሞላ መጣ። አበልጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና አንሥቷል። አንድ ቅል እርጎ ይዟል።

«አበልጄ፣ በሬ ሕግ ያውቃል?»

በሬው ባያውቅ ባለቤቱ ያውቃል አልሁት።

«እሷስ ቡዳ አይደለችም? በዓይኗ ጎትታው እንጂ ሣሩን ትቶ ጭቃ ለጭቃ ምን ያንከራትተዋል!»

እርጎውን መለስሁ። ባለቤቴ እስካሁን አላናገረችኝም።

እሱ ሲወጣ ካድሬው ገባ። ሞላ አራት በሬ አለው፤ አንዱን ለጭቁኗ ፍረድላት ይላል።

ደብተሬ ሆይ፣ ጭንቄ ይኸውልህ። ኦሪቱ ለድሃ አታድላ፣ ባለጠጋውንም አታክብር ይላል። ካድሬው የኋለኛውን ግማሽ ይወዳል፤ አበልጄ የፊተኛውን። ሙሉውን ታቅፌ የቀረሁት እኔ ነኝ። እርጎም የለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 8

ሸንጎ። ሞላ የዓይኗን ነገር አነሣ። ውዴን ጠየቅኋት።

«ጌታዬ፣ ያን ቀን እኔ ለማኅበሩ ጉልጓሎ ወጥቼ ነበር። ዓይኔም አብሮኝ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ሞላ አልሳቀም።

ፈረድን፦ ሞላ ከነልጆቹ ጭቃውን ይቆፍር፣ እንጨቱን ይፍለጥ፣ ዝናብ የማይገባው ማድረቂያ ዳስ ይሥራላት። ሸክላው እስኪሸጥ ቀለቧን ይስፈርላት። በሬው የራሱ ነው።

ሞላ ክርስትናችን ፈረሰ እያለ ወጣ። ካድሬው በማስታወሻው ስሜን ጻፈ መሰለኝ። ሁለቱም ከተቆጡ ፍርዱ መሐል ላይ ወድቋል ማለት ነው። ወደ ቤቴ ስሄድ አረማመዴ ራሱ ትንሽ ተለውጦ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 10

ቤተ ክርስቲያን። ካህኑ ከያዕቆብ መልእክት አነበቡ፤ ባለ ወርቅ ቀለበቱን በክብር ስላስቀመጡ፣ ድሃውን አንተ ቁም ስላሉ ሰዎች። ወረታ ላይ የወርቅ ቀለበት ያለው ሰው አላውቅም። የሩቅ አገር ወሬ መሰለኝ፤ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ።

ስመለስ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ማኅበሩ አዳራሽ ገባሁ። አግዳሚያችን ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

አግዳሚው አምስት ሰው ይይዛል። ዓርብ ዕለት እኛ ዳኞች ሦስት ነበርን። ሞላ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

ውዴ ቃሏን የሰጠችው ደጃፉ ላይ ቆማ ነው።