ሲወጣ ዛሬ፣ ሲወርድ ታንከሩ ሲያልቅ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ከሥራ መባረሬን ካልቆጠርከው ደህና ነኝ። «ባለማደያው እግር ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ» ያልከው መልእክት ደርሶኛል። አልጠይቅም። ለምን እንደሆነ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔው ስማው።

ማክሰኞ ጠዋት ታንከሩን አንተ እዚያው ማደያ ስትሠራ እንዳስተማርከኝ በዘንግ ለካሁ። አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቤንዚን አለ፤ ሁሉም በአሮጌው ዋጋ የተገዛ። እኩለ ቀን ላይ ከነገ ጀምሮ ዋጋ ይጨምራል የሚል ወሬ መጣ። ባለማደያው ወዲያው መቅጃዎቹ ፊት የመዝጊያ ኮን አስደረደረና ለመጣ ሁሉ «የለም በሉ» አለን። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል፤ «ባለፈው ዋጋ ሲወርድ ‹በውድ የገዛሁት መጀመሪያ ይለቅ› ብለው ሳምንት ሙሉ በድሮው ዋጋ አሸጡን፣ ሲወጣ ዛሬ፣ ሲወርድ ታንከሩ ሲያልቅ ነው እንዴ?» አልኩት። «የነገውን ቦቴ ነዳጅ የምገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው፣ ልዩነቱን ከደሞዝሽ ልቁረጥ ወይ?» አለኝ። እሱም እውነት አለው። ታዲያ እውነቱን ራሱ ለሰው ይንገር እንጂ በእኔ አፍ አይዋሽ።

ምሳ ሊበላ ሲወጣ ኮኑን አነሳሁት። ለአርባ መኪና በዕለቱ ዋጋ ቀዳሁ፤ እጄን ቅንጣት አልከበደኝም። ሲመለስ ሰልፉ አስፋልቱን ዘግቶ ጠበቀውና እዚያው ሰው ፊት አባረረኝ። «አባትሽ ‹የለም በል› ሲባል ‹የለም› እያለ ነው ያሳደገሽ» ብሎም ጨመረልኝ።

ውሸታም ልለው ነበር። ዕቃዬን ልሰበስብ ቢሮ ስገባ የድሮውን የልኬት መዝገብ አወረድኩ። እናቴን ሐኪም ቤት ይዟት ይሄድ የነበረው ታክሲ ነዳጅ አጥቶ መንገድ ላይ የቀረበትን፣ እሷም ሳትደርስ ያረፈችበትን ቀን ፈልጌ ገለጥኩ። ያን ቀን በከተማው አንዲት ጠብታ ቤንዚን አልነበረም እያልክ ነው ያሳደግከን። መዝገቡ ግን ዘጠና አምስት ሴንቲ ሜትር ቤንዚን ነበረ ይላል። የእጅ ጽሑፍህን ደግሞ ከሺህ መሃል እለየዋለሁ።

ምንም አልጠየቅኩህም፤ መልስም አልጠብቅም። ብቻ ሁለተኛ ይቅርታ ጠይቂ እንዳትለኝ።

እግዜር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ፤ እንቅልፍም አይንሳህ።

የእናቴ ልጅ