ጩጬ ብለው የጠሩኝ እናት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ሰውነቴ ትንሽ ከመክሳቱ በቀር ደህና ነኝ።

አሁን ያለነው ሰው ጥሎት በወጣ ከተማ ነው። ውጊያው ሲቀርብ ነዋሪው ሸሽቷል። በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ገመድ ላይ የተረሳ ልብስ በነፋስ ሲወዛወዝ ሰው የሚጣራ ይመስላል። ማሰልጠኛ ሳለን "ሠራዊት የሕዝብ አጥር ነው" ይሉን ነበር። አስር አለቃችን ታዲያ፣ "ግቢው ባዶ ከሆነ አጥሩ ለማን ነው?" እያለ ያሾፋል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ትናንት ቤቶቹን ስንፈትሽ ከአንድ ግቢ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ጠመንጃዬን ደቅኜ ብገባ አንዲት አሮጊት ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ። ቀና ብለው አዩኝና፣ "መጣህ ጩጬ? በል ጫማህን ጥረግና ግባ" አሉኝ። ቁመቴን ታውቂዋለሽ፤ በልጅነቴም ጩጬ ያለኝ የለም። ግን እማዬ፣ አንቺ የጠራሽኝ ያህል ጠመንጃዬን ዝቅ አደረግሁ። ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ።

ግድግዳው ላይ የወታደር ልጃቸው ፎቶ ተሰቅሏል። በምንም አንመሳሰልም። ከፎቶው ሥር አስቀምጠውኝ፣ "ጎረቤቶቼ እንሂድ ብለው ለምነውኝ ነበር። አንተ ስትመጣ ቤቱን ባዶ እንዳታገኘው ብዬ ቀረሁ" አሉኝ። ከልጃቸው ጋር እንዳምታቱኝ ያኔ ገባኝ።

መድፉ እየቀረበ ነበር። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው ንቅንቅ አላሉም። ጨነቀኝና አንቱታውን ትቼ፣ "እማዬ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። ያንቺ መጠሪያ ለሌላ ሰው ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ግን ሻርፓቸውን አንስተው እጄን ያዙ።

የጦሩ መኪና ላይ ሳሳፍራቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ልጄን አምና ነው የቀበርኩት። ግን መጥቶ እንደሚወስደኝ አውቅ ነበር። በማን እግር እንደሚመጣ ብቻ ነው ያላወቅሁት" አሉኝ።

ነገ ወደ ግንባር እንገባለን። ውጊያው ወደ እናንተም ሳይዞር አይቀርም ይላሉ። እማዬ፣ የማታውቂው ወታደር በርሽን አንኳኩቶ "እማዬ" ቢልሽ፣ የማን ልጅ ነህ ብለሽ አትጠይቂው። እጁን ይዘሽ ውጪ። እኔን ፍለጋ ወደ ኋላ አትዪ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ምርቃትሽም ካለሁበት ይድረሰኝ።

ልጅሽ