ደረጃ የማይወጣው አጎቴ

ጥር 9፣ 2010
እማዬ ዛሬም ምንያህልን ጀሪካን ነጠቀችው። «ተው፣ ልብህ!» አጎቴ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ልቡ ላይ ቀዳዳ ይዞ ተወለደ፣ በስድስት ዓመቱ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ዘጉለት... ለእማዬ ግን እስካሁን «ልጁ» ነው። ጀሪካኑን እኔ ተሸከምኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጁ ታዲያ ማነው?

ጥር 13
ከሬስቶራንታችን ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ላብ በላብ።
«ዞረብኝ።»
ከመቼ ጀምሮ? ከገና በፊት።
«ለእህቴ እንዳትነግሪ፣ ጠቅልላ አገር ቤት፣ ጎንደር ነው የምትልከኝ።»
አልነገርኳትም። ግን የክፍል ጓደኛዬ እናት ከተማ ውስጥ ክሊኒክ ትሠራለች... የልብ ችግር ይዘው ያደጉ ሰዎችን የሚያይ ሐኪም ከካርቱም ይመጣል አለች። እማዬን «ቼክአፕ ነው» አልኳት። ውሸት ነው? ግማሹ።

ጥር 18
ከሰፈራችን ከጉምቦ ድልድዩን ተሻግረን ክሊኒኩ ሄድን። እንግሊዝኛ አስተርጓሚ እኔ። ከካርቱም የመጣው ዶክተር ረፊቅ ምንያህልን ይጠይቃል፣ እማዬ ትመልሳለች። አጎቴ እንደ ዕቃ መሀል ተቀምጧል።
«ደረጃ ስትወጣ ይደክምሃል?»
«ኧረ አይደክመውም» አለች ኮራ ብላ። «ደረጃ አናስወጣውም።»
ተረጎምኩ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እማዬን ውጭ ጠብቂ አላት፣ በትሕትና። እኔን? አስተርጓሚ ነኝ፣ ካላስ፣ አለቀ፣ ቀረሁ።
ምንያህል በሩን አየ። ማን ይመልስለት? ራሱ፦
«ያዞረኛል። ልቤ እንደ ቦዳ ሞተርሳይክል ይነሳል... ትሞታለህ እንዳልባል ፈርቼ ነው የማልናገረው።»
ቃል በቃል ተረጎምኩ፣ ቀልድ ሳልጨምር።
ዶክተሩ በማሽን አየው። የተዘጋው ቀዳዳ ደህና ነው። የልቡ ምት ነው የሚዛባው፣ በልጅነታቸው የታከሙ ሲያድጉ ይመጣባቸዋል፣ መድኃኒት አለው። በየስድስት ወሩ ይታይ። ቀስ እያለ ደረጃም ይውጣ።
«ልብህ አብሮህ አድጓል» አለው። «ሐኪምህም አብሮ ማደግ ነበረበት።»
እማዬ ውጭ አኩርፋ ጠበቀችን። «ምን አለህ?» ብላ እኔን አየችኝ። ምንያህል ቀደመኝ። ሁሉንም ነገራት፣ ማዞሩንም። አለቀሰች... ጎንደር ግን አልላከችውም።

የካቲት 2
መድኃኒቱን ራሱ ይውጣል። እማዬ አጠገቡ ቆማ አብራው ትውጣለች፣ ምራቋን።

ሚያዝያ 14
ካናቴራው በላብ የሚርሰው አጎቴ ከነከራቫቱ! የሬስቶራንታችን ደንበኛ ሠርግ ተጠርተን ነው፣ ሆቴል ጣሪያ ላይ ነበር፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። እማዬ ደረጃውን አየች፣ ምንያህልን አየች፣ መንገዱን ለቀቀችለት። እሱ እያረፈ ወጣ። ላይ ደርሶ ጠበቀን።
«ደከመህ?» አለችው። ልትመልስለት አፏን ከፈተች... መልሳ ዘጋችው። ጠበቀች።
«ትንሽ» አለ። «አንቺስ?»
ለመመለስ ትንፋሽ አልነበራትም።