በራሳቸው ላይ ሁለት ምት የጨመሩት የአቶ ሽበሺ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ
(1934 – 1981 ዓ.ም.)

አቶ ሽበሺ ወልደጻድቅ አዋሳ ባለው ቤታቸው ዘወትር ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይነሱ ነበር። ፊታቸውን ታጥበው፣ ሹራባቸውን ደርበው ወደ ግቢ ይወጡና ጎንበስ ብለው ሣሩን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ከዚያ ጥቂት ሣር ነጭተው ወደ ላይ ይለቁና የሚወድቅበትን አቅጣጫ ያያሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገሩት ስለ ነፋሱ ነው። “ዛሬ ከሐይቁ ነው፤ ጽጌሬዳ ሹራብ ትልበስ” ይላሉ። ወይም “ዛሬ ከታቦር ተራራ በኩል ነው፤ አቧራ አለ፤ መስኮቱን ዝጉት” ይላሉ። ከዚያ ሻያቸውን ጠጥተው በእግራቸው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ቤተሰባቸው ለዓመታት ልብሱን የመረጠው እሳቸው በነገሩት ነፋስ ነው።

አቶ ሽበሺ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ ደምሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉመቤት ገብረጻድቅ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር በይርጋለም ከተማ ሐምሌ 5 ቀን 1934 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸው ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ስላረፉ፣ አክስታቸው ወ/ሮ እህተማርያም ገብረጻድቅ አዲስ አበባ ወስደው አሳደጓቸው። የአክስታቸው ቤት ከጎልፍ ሜዳው አጥር አጠገብ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል በፈረቃ ተማሩ፤ ከትምህርት የተረፈውን ግማሽ ቀን በሜዳው ላይ የተጫዋቾችን ዱላ እየተሸከሙ አሳለፉ። ጨዋታውንም በማየት ለመዱት።

በ1955 ዓ.ም. በሜዳው ደመወዝ ተቆርጦላቸው ጎልፍ አስተማሪና ተጫዋች ሆኑ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ይህን ጨዋታ መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች በጣም ጥቂት ነበሩ። ያስተማሯቸው ሰዎች እንደሚመሰክሩት ቁጡ መምህር አልነበሩም። የተማሪን እጅ ለረጅም ጊዜ ያዩና “ፍርሃትዎ ጣትዎ ላይ ነው ያለው፤ እሱን ያላሉ፤ ሌላው ራሱ ይመጣል” ይሉ ነበር። ሌላ ሙያ አልነበራቸውም፤ ሌላ ሙያ የመማር ሐሳብም አልነበራቸውም።

በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ በልማት ዘመቻው ምክንያት የሜዳው አብዛኛው ክፍል ድንችና ጎመን ተዘራበት። በደመወዝ የሚሠሩት አስተማሪዎች አራት ነበሩ፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ በሥራው እንዲቀጥል ተወሰነ። ማን እንደሚቀጥል ግን ሜዳውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ለመወሰን ተቸገረ። አራቱም ተመካክረው በጨዋታ እንለይ ብለው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። በአዲስ አበባ ድንቹ ስላለ፣ ቀደም ሲል የውጭ አገር ባለሙያዎች በአዋሳ በቡሹሎ አቅጣጫ ከሐይቁ ዳር ሠርተውት የሄዱት ሜዳ ተመረጠ።

ሜዳው ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ነበረው። ጉድጓዶቹን በሚያመለክቱት ባንዲራዎች ዙሪያ ሣር ሳይሆን በተቃጠለ የሞተር ዘይት የታሸ አሸዋ ነበር። ከዓሣ ማስገሪያው የሚመጡት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ኳሱ እንቁላል እየመሰላቸው ያነሱት ስለነበር፣ በመግቢያው ላይ በቆርቆሮ የተጻፈ ደንብ ተሰቅሎ ነበር፦ ወፍ ወይም ከብት ያነሳው ኳስ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሳይመልስ የመታ ሁለት ምት ይጨመርበታል።

ውድድሩ ጥር 12 እና 13 ቀን 1971 ዓ.ም. ተደረገ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ምት ቆጣሪ ከአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ተመድቦለት ነበር። ለአቶ ሽበሺ የተመደቡት በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ኮሌጁ የገቡት ወ/ት ታቢታ ደረሰ ናቸው። ወ/ት ታቢታ የጎልፍ ዱላ አይተው አያውቁም ነበር፤ የደንቡን መጽሐፍ ግን ሁለት ጊዜ አንብበው መጡ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአራቱ አስተማሪዎች ሁለቱ በምት ወደ ኋላ ቀሩ። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደረስ አቶ ሽበሺና አቶ ግዛቸው ተክሌ በምት እኩል ነበሩ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ዱላ የተሸከሙ፣ በአንድ ቀን የተቀጠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ያችን ጉድጓድ ባነሰ ምት የጨረሰ ሥራውን ይዞ ይመለሳል። ሌላው ከማግስቱ ጀምሮ ሙያ የለውም።

አቶ ሽበሺ የመጀመሪያውን ምት አሳምረው መቱ። በሁለተኛው ላይ ግን ቸኮሉ፤ ሣር ነጭተው ሳይለቁ መቱ። የሐይቁ ነፋስ ኳሱን ወደ ግራ ወስዶ ደንገሉ ውስጥ ጣለው። ምት ቆጣሪዋና ሌሎቹ ከኋላ ነበሩ፤ ከፊት ቀድመው የሄዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ አባ ኮዳ አንገቱን ደንገሉ ውስጥ ከቶ ኳሱን አነሳ፤ ጥቂት እርምጃ ሄዶ፣ እንቁላል አለመሆኑ ሲገባው አጭሩ ሣር ላይ ጥሎት በረረ። ይህንን ሌላ ሰው አላየም። ሰዎቹ ሲደርሱ ኳሱ በንጹሕ ሣር ላይ ነበር።

አቶ ሽበሺ ዝም አሉ። ኳሱን ካለበት መቱት፤ ከባንዲራው አንድ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። አቶ ግዛቸው በአምስት ምት ጨረሱ። አቶ ሽበሺ በአራተኛው ኳሱን ጉድጓድ ውስጥ አስገቡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ግዛቸው አቅፈው ሳሟቸውና “በል እንግዲህ፣ ድንቹን ደህና አድርገህ ኮትኩትልን” አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ።

ምት ቆጣሪዋ በጠረጴዛው ላይ “አራት” ብለው ጽፈው ወረቀቱን ለፊርማ አቀረቡላቸው። አቶ ሽበሺ እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ።

“ወ/ት ታቢታ፣ ስድስት ይበሉ” አሉ።

“እኔ የቆጠርኩት አራት ነው።”

“ቆጠራዎ ልክ ነው። የመታሁበት ቦታ ነው ልክ ያልሆነው። ኳሱን ከደንገሉ ያወጣው አባ ኮዳ ነው። አይቼ ዝም አልኩ።”

ውድድሩን የሚመሩት የከተማው የስፖርት ኃላፊ ጓድ ወልደአማኑኤል ቀረብ ብለው “ጓድ ሽበሺ፣ ሌላ ያየ ሰው አለ?” ብለው ጠየቁ።

“የለም።”

“ታዲያ ወፉ መጥቶ አይመሰክር። ምን አስጨነቀህ?”

“እኔ አለሁ እኮ” አሉ አቶ ሽበሺ።

በዚህ ጊዜ አቶ ግዛቸው ተቆጡ። “ዕድሜ ልኬን በአባ ኮዳ ያሸነፈ ልባል ነው? ፈርም ዝም ብለህ!” አሉ። አቶ ሽበሺ ወረቀቱን ገፋ አድርገው መለሱ። ምት ቆጣሪዋ አራትን ሰርዘው ስድስት ጻፉ፤ እሳቸውም ፈረሙ። አቶ ግዛቸው በአንድ ምት አሸነፉ።

አቶ ሽበሺ አዲስ አበባ የሚመልሳቸው ሥራ ስላልነበረ አዋሳ ቀሩ። ጓድ ወልደአማኑኤል የዚያኑ ሜዳ ጠባቂና ሣር አጫጅ አድርገው አስቀጠሯቸው። ሲያስተምሩት በኖሩት ጨዋታ ሜዳ ላይ ማጭድ ይዘው ሲቆሙ የተሰማቸውን ለማንም አልተናገሩም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ብዙ አይበሉም እንደነበር ቤት ያከራዩዋቸው ወ/ሮ ሽታዬ ይናገራሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ወ/ት ታቢታ የደንቡን መጽሐፍ ለመመለስ ወደ ሜዳው ሄዱ። መጽሐፉን በሰው መላክ ይቻል ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን 1972 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1973 ዓ.ም. ጽጌሬዳን፣ በ1976 ዓ.ም. ኃይለሚካኤልን ወለዱ።

በ1976 ዓ.ም. ሜዳው ለበቆሎ እርሻ ሲታረስ ስምንቱን ባንዲራዎች በገዛ እጃቸው ነቅለው አስረከቡ። ዘጠነኛው ጉድጓድ ከረግረጉ ዳር ስለሆነ ትራክተሩ አልደረሰበትም፤ እሱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በእርሻ ኮሌጁ በችግኝ ክፍል እስከ ዕረፍታቸው ድረስ አገለገሉ። ዛሬ በኮሌጁ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙትን ዛፎች የተከሉት እሳቸው ናቸው።

አቶ ግዛቸው በየዓመቱ ጥር 13 ቀን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየመጡ ያችን የቀረች ጉድጓድ አብረው ይጫወቱ ነበር። ምት የሚቆጥሩት ወ/ሮ ታቢታ ናቸው። አንዳንድ ዓመት በቆሎው ኳሱን ይውጠዋል፤ አንዳንድ ዓመት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ይስቅባቸዋል። በኮሌጁ የሥራ ጓደኞቻቸው ታሪኩን ሰምተው “ጋሽ ስድስት” ብለው ጠሯቸው፤ ስሙን ወደዱት። ሰው ሐቀኛነታቸውን ሲያወድስ ግን ያቋርጡት ነበር። “ዝም ያልኩበትን አትዝለሉ። ከደንገሉ እስከ ባንዲራው ዝም ብያለሁ፤ ሲጨበጨብልኝም ዝም ብያለሁ” ይሉ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍም አልተዘለለም።

አቶ ሽበሺ ከ1980 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ተይዘው በቡሹሎ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ጥር አቶ ግዛቸው እንደ ልማዳቸው መጡ። አቶ ሽበሺ መቆም ስላልቻሉ ወንበር ወጥቶላቸው ከጉድጓዷ አጠገብ ተቀመጡ፤ አቶ ግዛቸው ለሁለቱም መቱ። ሲጨርሱ ከአጠገባቸው ተቀምጠው በአሥር ዓመት ውስጥ ጠይቀውት የማያውቁትን ጠየቁ።

“ሽበሺ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያኔ ለልጆቼ አዝነህ ነው?”

“ልጆችህ ትዝ አላሉኝም” አሉ። “ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ለዚያ ነው የዘገየሁት።”

አቶ ግዛቸው “እኔ ብሆን ፈርሜ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ” አሉ። አቶ ሽበሺ ሳቁ። ከቤት ውጪ የሳቁት ለመጨረሻ ጊዜ የዚያን ቀን ነው።

በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በቤታቸው ዐረፉ። ከመጨረሻዎቹ ቀናት በአንዱ ከአልጋቸው መነሳት ሲያቅታቸው፣ ጽጌሬዳ ከግቢ ሣር ነጭታ በመስኮቱ በኩል እንድትለቅላቸው ጠይቀው ነበር። አየችላቸው። “ከሐይቁ ነው አባባ” አለች። “እንግዲያው ሹራብሽን ልበሺ” አሏት።

ከኋላቸው እናታቸውን ወ/ሮ ሙሉመቤትን፣ አክስታቸውን ወ/ሮ እህተማርያምን፣ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ታቢታን፣ ልጆቻቸውን ጽጌሬዳንና ኃይለሚካኤልን፣ ወንድም የሆኗቸውን አቶ ግዛቸውን ትተዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመማችኋቸውና ዛሬም ልትሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ሰው ያላየውን የሚያይ አምላክ፣ የዘገየውንም ሰምቶ የማያሳፍር እሱ፣ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ለቀብር ሲለብሱ ነፋሱ ከየት እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም።