አይነካም የተባለው ምድጃ

የኔ ሆድ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽን ያብዛልኝ፤ የወጣሽበት ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛ ልጇን ዳረች፤ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ያ የላክሽልን፣ በኤሌክትሪክ እየተለኮሰ እንደ ክኒን የተጨመቀ የእንጨት እንክብል የሚበላው ምድጃሽ ግን ሰሞኑን አኩርፎ ነበር። ይለኮስና ጥቂት አጭሶ ድርግም! ብርዱ የአባትሽን ሳል ቀሰቀሰበት። እሱ እቴ፣ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ተቀመጠ። መስታወቱን በየቀኑ ይወለውላል እንጂ «የልጄ ስጦታ ነው፣ እንዳትነኩት» እያለ ውስጡን አስከፍቶን አያውቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ እየበላ የማያስወጣ ፍጡር አይተሃል?» አልኩና ሶኬቱን ነቅዬ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ከፈትኩት። እሳቱ የሚነድበት ጎድጓዳ ብረት በአመድ ታፍኗል። ቀዳዳዎቹ ተደፍነው አየር ከየት ይምጣ? በሹራብ መሥሪያ መርፌዬ ከፈትኳቸው፣ አመዱን ጠረግኩ፣ እርጥበት ያሳበጠውን እንክብል ጥዬ ደረቁን ሞላሁበት። ቦግ አለ! አባትሽ እጁን እያሞቀ «ድሮም ጎበዝ ዕቃ ነው» አይለኝ መሰለሽ!

ክፉ አይይሽ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፦ የላክሽለት ካፖርትም እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። እኔን ከቁብ አይቆጥረኝም፤ ስትደውዪ አንቺው «አባዬ፣ የላክሁት እንድትለብሰው ነው» በይልኝ።